ውሃም ሂሳብ አለው

(በማህበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ በሂሳብ ሠራተኛነት የምትተዳደር አባላችን ያቀረበችው ንግግር)

 

የስብሰባው አዘጋጆች ስለ ውሃ ተናገሪ ሲሉኝ «እኔ የውሃ መሐንዲስ አይደለሁም» ብዬ ነበር። «የሂሳብ ሰው ስለሆንሽ ነው የፈለግንሽ» አሉኝ። እንግዲህ የምናገረው በማውቀው ቋንቋ ነው፤ ገቢ፣ ወጪ፣ ብክነት፣ የእርጅና ተቀናሽ። በመጨረሻ ለብድር ኮሚቴያችን አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። ዛሬ ተወያይታችሁ እንድትወስኑበትም እፈልጋለሁ።

በቆጂ ላይ ቆሞ ስለ ውሃ እጥረት ማውራት ለሩቅ ሰው ያስቃል። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጭላሎ፣ ጋላማ፣ ካካ ዙሪያችንን ናቸው። ካታር ወንዝ ከእነዚሁ ተራሮች ተነስቶ እስከ ዝዋይ ሐይቅ ይወርዳል። ክረምት ላይ ችግራችን ጭቃና ብርድ እንጂ ውሃ አይደለም። በጋው ሲጠና ግን ምንጩ ይቀጥናል፣ ቦኖው ላይ ሰልፉ ይረዝማል፣ ጀሪካን ተሸክማ የምትመለሰው ደግሞ ወይ እናት ናት ወይ ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ።

ከእኛ ዝቅ ብሎ ያለው አርሲማ ሌላ አገር ነው። በዶዶታና በዝዋይ ዱግዳ ዝናቡ ያንሳል፣ ሙቀቱ ይበረታል። ብዙዎቻችን እዚያ የተዳሩ እህቶችና ልጆች አሉን። በስምጥ ሸለቆው ደግሞ ውሃ ተቆፍሮ ቢገኝም ችግሩ አያበቃም። በብዙ ቦታ የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ የሚያድጉ ልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ በጣም ሲበዛና ለዓመታት ሲጠጣ አጥንትን ይጎዳል። ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋውም፤ እንዲያውም ውሃው በእንፋሎት እየቀነሰ ሲሄድ የቀረው ይበረታል። የዝናብ ውሃ ግን ይህ ችግር የለበትም። ስለዚህ ቆላ ላለች እናት የጣሪያ ውሃ የእጥረት መሙያ ብቻ አይደለም። ቋሚ ጥርሱ ገና ላልወጣ ልጅ ለመጠጥና ለወጥ የሚሻለው ውሃ እሱ ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። መጀመሪያ ገቢውን እንይ።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲዘንብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ከዚህ የቀለለ ሂሳብ የለም። ባለ 40 ቆርቆሮ ቤት 50 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል ብለን እንያዝ። በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ጣሪያው ላይ 50,000 ሊትር ያርፋል። የሚፈናጠረውን፣ የሚተነውንና ጣሪያውን አጥቦ የሚሄደውን አንድ አምስተኛ እንቀንስ። 40,000 ሊትር ይቀራል፤ ይህም በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 2,000 ጀሪካን ነው። ዝናቡ 600 ሚሊ ሜትር ብቻ በሆነበት ቆላም ያው ቤት 1,200 ጀሪካን ያገኛል። ይህ ሁሉ ዛሬ ከጣሪያችን ወርዶ የቤታችንን መሠረት እየበላ ወደ ቦይ ይገባል።

«እንግዲያው ውሃ አያስፈልገንም» እንዳትሉ። ገቢው ትልቅ ነው፤ መጋዘናችን ግን ትንሽ ነው። ዝናቡ የሚመጣው በበልግና በክረምት ነው፤ የምንቸገረው ደግሞ ከኅዳር ወዲህ። አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ ለመጠጥና ለምግብ ብቻ በቀን ለአንድ ሰው 7.5 ሊትር ቢጠቀም 37.5 ሊትር ይፈልጋል። 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በጥቅምት ሞልቶ ቢዘጋ ለ53 ቀን ይበቃል። ልብስ እንጠብበት፣ ከብት እናጠጣበት ካልን ከሁለት ሦስት ሳምንት አያልፍም። ስለዚህ ሮቶ ሙሉ በጋውን ያሻግራል ብዬ አልዋሻችሁም፤ የሚሸፍነው ከፊሉን ነው።

ይሁን እንጂ ሮቶ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ አይሞላም። በዝናቡ ወራት እየጎደለ ይሞላል። በዓመት አምስት ጊዜ ቢሞላ 500 ጀሪካን ነው። ውሃ በጋሪ ለምትገዛ እህት፣ አንዱ ጀሪካን ለምሳሌ 10 ብር ቢሆን፣ 5,000 ብር ማለት ነው። ለማትገዛዋም ሂሳብ አለ፤ እሷ የምትከፍለው በጊዜዋ ነው። ውሃ ቀድቶ ለመመለስ በቀን ሁለት ሰዓት የሚፈጅባት እናት በአምስት የበጋ ወራት 300 ሰዓት ታወጣለች። በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ሲካፈል ከ37 የሥራ ቀን በላይ ነው። ይህ ወጪ በማንም መዝገብ አልተጻፈም። ያልተጻፈ ወጪ ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ብክነት ነው፤ እሱን ለመቀነስ ምንም ብድር አያስፈልግም።

ልብስ ስናጥብ እንዘፈዝፋለን፣ እናሻለን፣ እናለቀልቃለን። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ንጹሕ ሊባል ትንሽ የቀረው ነው። ይህን አንድ ጀሪካን ውሃ ደፍተን ለሚቀጥለው ልብስ መዘፍዘፊያ ሌላ አንድ ጀሪካን እንቀዳለን። በዚያው ቀን ለሚቀጥለው ዙር ብናቆየው በአንድ የእጥበት ቀን አንድ ጀሪካን ተረፈ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ለምታጥብ ሴት በዓመት 104 ጀሪካን፣ ማለትም 2,080 ሊትር ይሆናል። አንድ ሙሉ ሮቶ፣ ያለ አንድ ብር!

አትክልትና ገብስ የታጠበበትን ውሃ በግ ይጠጣዋል። የእጅና የፊት እጣቢ ጎመን ሥር ይፈስሳል። ነገር ግን ይህን የምታደርጉ ሁሉ ጥቂት ነገር ያዙልኝ። እጣቢ ውሃ ከአንድ ቀን በላይ አይቀመጥም፤ ይሸታል፣ ተባይ ያራባል። የሚፈስሰው አፈሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይደለም፤ ጥሬውን ለሚበላ እንደ ሰላጣ ያለ አትክልትም አይሆንም። የሕፃን ሽንት ጨርቅ የታጠበበት ውሃ ጓሮ አይገባም። በረኪና ያለበት ውሃ ተክል ያደርቃል። ኦሞ የበዛበትን ውሃ ሁልጊዜ አንድ ቦታ መድፋትም አፈሩን ያበላሻል፤ ቦታ እየቀያየራችሁ፣ በየመሃሉ በንጹሕ ውሃ አጠጡት።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እናገራለሁ። እኛ ገብስና ስንዴ አምራቾች ነን፤ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ መድኃኒት በየቤቱ ይገባል። የመድኃኒት ጀሪካን በሳሙናም በአሸዋም ቢታጠብ የውሃ ዕቃ አይሆንም። መርጫው የታጠበበት ውሃም ለምንም ነገር ዳግም አይውልም። ባዶውን ዕቃ ቀዳችሁ ጣሉት፤ ለጎረቤትም አትስጡ።

የጣሪያ ውሃም የራሱ ሥርዓት አለው። ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ የመጣውን የመጀመሪያ ዝናብ ወደ ሮቶው አታስገቡት፤ አቧራውን፣ ጥላሸቱንና የወፍ ኩሱን አጥቦ ይሂድ። አሸንዳው ከዝናቡ በፊት ይጠረግ። ሮቶው ክዳን ይኑረው፤ መግቢያው በወንፊት ይሸፈን። ውሃው በቧንቧ ይቀዳ እንጂ ጣሳ አይግባበት። ለመጠጥ ሲሆን ይፈላ፣ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ በመመሪያው መሠረት ይታከም።

እስካሁን ያልኩት ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነው። ታዲያ ይህን ያህል እያወቅን ለምን አልያዝነውም? አገራችን ይህን ሞክራ ስለምታውቅ ካለፈው እንማር።

የ1995 ዓ.ም. ድርቅ ትዝ ይላችኋል። ከዚያ በኋላ መንግሥት በየገበሬው ማሳ የዝናብ ውሃ ማቆሪያ ጉድጓድ የማስቆፈር ትልቅ ዘመቻ አካሄደ። በአማራ፣ በትግራይ፣ በኦሮሚያና በደቡብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጉድጓድ ተቆፈረ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ጉድጓዱን በደንብ ይዘው ጓሮ ያለሙበት፣ ሽንኩርትና ጎመን ሸጠው የተጠቀሙ ገበሬዎችም አሉ። ብዙው ግን አልዘለቀም። ሥሩ የተነጠፈው ፕላስቲክ ተቀደደ፤ የሲሚንቶው ተሰነጠቀ፤ ክዳን ያልነበረውን ፀሐይ ጠጣው። በቆላው የወባ ትንኝ ተራባበት። አጥር ስላልነበረው ልጅና ከብት የገባበት ቦታም አለ። ሥራው የተለካው ስንት ተቆፈረ በሚል ኮታ ነበር። ከዓመት በኋላ ፕላስቲኩ ሲቀደድ በምን ይገዛል፣ ማን ይጠግነዋል የሚለው በቂ መልስ አልነበረውም።

ይህን በሂሳብ ቋንቋ ልንገራችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲገዛ በዚያው ቀን ዕቃው ማርጀት ይጀምራል ብለን እንይዛለን። በየዓመቱም የእርጅና ተቀናሽ እንመዘግባለን። መመዝገቡ ብቻ ግን ዕቃውን አይተካም፤ በዚያው ልክ ገንዘብ መቀመጥ አለበት። ገንዘቡ ሳይቀመጥ የተገዛ ዕቃ ዕድሜው እስከ መጀመሪያው ብልሽት ድረስ ነው። የዘመቻው ጉድጓዶች የመቆፈሪያ በጀት ነበራቸው፤ የእርጅና ተቀናሽ አልነበራቸውም።

በሌላ በኩል ለትውልድ የዘለቁ አሉ። ቦረና ዘንድ ቱላ የሚባሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች አሉ። ሰዎች በጉድጓዱ ውስጥ ከታች እስከ ላይ በደረጃ ቆመው እየዘፈኑ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ያወጡታል። ብዙ ሰው የሚያደንቀው ዘፈኑን ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ጉድጓዱ «አባ ኮንፊ» የሚባል ባለቤት አለው። ከእሱ ሌላ ደግሞ የየዕለቱን ተራ የሚያስተዳድር፣ የማን ከብት መቼ ይጠጣ የሚለውን የሚይዝ ሰው አለ። ስሙ «አባ ሄሬጋ» ነው። ኦሮምኛ የምታውቁ ገብቷችኋል፤ ሄሬጋ ማለት ቁጥር፣ ሂሳብ ነው። የሂሳብ አባት ማለት ነው። ቦረናዎች ጉድጓዱ ያለ ቆጣሪ እንደማይዘልቅ ከእኛ ኮሌጅ በፊት ያውቁ ነበር።

ኮንሶዎችም «ሃርዳ» የሚሏቸው የዝናብ ውሃ ማቆሪያ ኩሬዎች አሏቸው። በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር አንዱ አካል ናቸው። ሃርዳ የሚሠራውም ደለሉ የሚጠረገውም በኅብረተሰቡ ነው። የማንም ያልሆነ ሃርዳ የለም።

ቅርባችን ያለውን ሂጦሳን እንይ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከባዳ ተራራ ምንጮች በስበት ብቻ፣ ያለ ሞተር፣ ብዙ ቀበሌዎችና ከተሞች ውሃ አገኙ። ግንባታውን ዋተርኤይድ ደግፏል። ዋናው ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ተጠቃሚዎቹ በመረጡት ቦርድ እየተዳደሩ፣ የውሃ ክፍያ እየሰበሰቡ፣ ሠራተኛ እየቀጠሩ ይዘውታል። በዶዶታም ከዚያ በፊት በ1970ዎቹ በስዊድን ድጋፍ በተሠራው የቧንቧ ውሃ ሴቶች በውሃ ኮሚቴና በቦኖ ሥራ ላይ እንዲሳተፉ ተደርጎ ነበር። ውሃ የሚቀዳው ሰው ስለ ውሃ ሲወስን ሥራው ይቀናል።

እነዚህ ሁሉ የሚያስተምሩን አንድ ነገር ነው። ውሃው ከጣሪያ ይምጣ ከምንጭ፣ ከኩሬ ይምጣ ከእጣቢ፣ የሚዘልቀው ጠባቂ፣ መዝገብና የጥገና ገንዘብ ካለው ነው። እነዚህን ሦስቱን ደግሞ ማህበራችን በየሳምንቱ ይሠራቸዋል። ቁጠባ እንሰበስባለን፣ መዝገብ እንይዛለን፣ ተራ እንጠብቃለን። የጎደለን ውሃውን በዚሁ መዝገብ ማስገባት ብቻ ነው።

አሁን ለብድር ኮሚቴው ያልኩት ጥያቄ። እስካሁን በመመሪያችን ብድር የሚሰጠው «ገቢ ለሚያስገኝ ሥራ» ነው። በግ ለምታደልብ፣ ሽንኩርት ለምትቸረችር፣ ጠላ ለምትጠምቅ ተፈቅዷል። አሸንዳና ሮቶ የጠየቁ አባላት ግን «ይህ የቤት ዕቃ ነው፣ ገቢ የለውም» ተብለው ተመልሰዋል። ኮሚቴው መመሪያውን አክብሮ ነው እንጂ ክፉ አስቦ አይደለም። እኔ የምለው መመሪያው ይስተካከል ነው። የማይወጣ ወጪ ገቢ ነው። በጓ ውሃ ትጠጣለች፤ ጠላው ያለ ውሃ አይጠመቅም። ለበጓ አበድረን ለውሃዋ አናበድርም ማለት ግማሽ ሂሳብ ነው።

ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ለምሳሌ ብቻ እንውሰድ። ሮቶ፣ አሸንዳ፣ ቧንቧና የድንጋይ መቀመጫው በጠቅላላው 20,000 ብር ቢፈጅና አሥር ዓመት ቢያገለግል፣ የዓመቱ እርጅና 2,000 ብር ነው። በሳምንት 40 ብር ያህል ማለት ነው። ቅድም ያየነው የ500 ጀሪካን ዋጋ 5,000 ብር ነበር። ልዩነቱን እናንተው ቀንሱ። ውሃ ለማትገዛዋ ደግሞ ልዩነቱ በሰዓት ይወጣል፤ ያ ሰዓት ሥራ ከሠራችበት ብር ይሆናል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንዲወሰን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ «የውሃ ብድር» የሚባል በአባሏ በራሷ ስም የሚሰጥ ብድር ይከፈት። ሮቶ ብቻ አይሁን፤ አቅም የሌላት በአሸንዳና በአንድ ባለ ክዳን በርሜል ትጀምር። ሳር ቤት ያላት ወይም ተከራይታ የምትኖር ደግሞ ከጎረቤቷ ጋር በጋራ ትበደር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

ሁለተኛ፣ የተበደረች ሁሉ ከብድር ክፍያዋ ሌላ በየሳምንቱ የጥገና ገንዘብ ታስቀምጥ። ይህ ገንዘብ በተለየ መዝገብ ይያዝ፤ ለሠርግም ለለቅሶም አይነካ። ቧንቧው ሲሰበር፣ አሸንዳው ሲገነጠል ከዚያ ይወጣል።

ሦስተኛ፣ በየቡድኑ አንዲት ሴት ትመረጥ። ከዝናቡ በፊት አሸንዳው መጠረጉን፣ ክዳኑ መኖሩን፣ መዝገቡ መሞላቱን እየዞረች ታያለች። ቦረናዎች «አባ ሄሬጋ» ካሉ እኛ «ሃዳ ሄሬጋ» እንበላት፤ የሂሳብ እናት።

አንዳንዶቻችሁ «ውሃ ማቅረብ የመንግሥት ሥራ አይደለም ወይ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ነው። የጣሪያ ውሃ የቧንቧ ውሃን አይተካም፤ ቦኖ እንዲጨመር፣ ምንጮቻችን እንዲጎለብቱ መጠየቃችንን አናቆምም። እንዲያውም መዝገብ ይዘን፣ በጋ ላይ ስንት ቀን ውሃ እንዳጣን በቁጥር ጽፈን ስንሄድ አቤቱታችን ይጠነክራል። እስከዚያው ግን በየዓመቱ ከጣሪያችን የሚወርደው 2,000 ጀሪካን ማንንም አይጠብቅም።

ክረምቱ ሳይገባ ገና ጊዜ አለን። ኮሚቴው ዛሬ ከወሰነ፣ የመጀመሪያዎቹ አሸንዳዎች ከሰኔ በፊት ይሰቀላሉ። መዝገቡን እኔ በነጻ አዘጋጃለሁ፤ ለሚመረጡት ሴቶችም አያያዙን አሳያለሁ።

 ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ፤ ከዚያ ወደ ውሳኔው እንለፍ።